ሔት ላይ የቀረው ንባብ

በዚያ የቀርከሃ ዳስ ሥር የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። መሪጌታ ክንፈ፣ ከአምባሰል የመጡ ሽማግሌ፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያውቁ፣ ግራ እግራቸው ያበጠ። ኦቦ ገለታ፣ ወለጋ ተወልደው ባምባሲ አጠገብ የሚያርሱ፣ በየሳምንቱ ጨውና ሳሙና ይዘው መንደራችን የሚመጡ ጴንጤ። ኸሊፋ ሙሳ፣ የአገሩ ተወላጅ የበርታ ሰው፣ የኦቦ ገለታን ዕቃ በአህያው የሚያመላልስ፤ እርሱ ለትምህርቱ ሳይሆን ለጥላው ነበር የሚቀመጠው። ዘነበች፣ የመሪጌታ የደብር ልጅ፣ ከእሳቸው ጎጆ ጋር ግድግዳ የምትጋራ። አምስተኛው እኔ ታደሰ ነኝ፤ ያኔ ጢሜ ገና ያልበቀለ፣ የመሠረተ ትምህርት ረዳት አስተማሪ። ስድስተኛ ሰው ነበረ የሚል ካለ አህያዋን ቆጥሮ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የማንጎ ሽታ ነው፤ በትክክል ለመናገር ሽታውና አንድ ሰው። ባለፈው ግንቦት አሶሳ መናኸሪያ ቆሜ ወደ ባምባሲ የሚሄድ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ከግንቡ ሥር የወደቀ ማንጎ ፀሐይ መትቶት ጠላ ጠላ ይሸታል። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ መንደሩ ይመልሰኛል፤ ያኔ ማንጎ በሳንቲም ከመሸጥ አልፎ በቁንጥር ጨው ይለወጥ ነበር፤ ከዛፉ ሥር የበሰበሰውን የሚያነሣ አልነበረም። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ነጠላውን በትከሻው ጥሎ ፊቴ ቆመና በወሎ ቅላጼ «የት ደረስን?» አለኝ። ሰላምታ አላስቀደመም፤ ስሜንም አልጠየቀኝም። እነዚህን ሁለት ቃላት እንደዚያ ሲባሉ ከዚያ ዘመን ወዲህ ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ምን እንደመለስኩለት ከመናገሬ በፊት ጥያቄው ከየት እንደመጣ ልናገር።

መንደራችን የሰባ ሰባቱ ድርቅ ያመጣን የሰፈራ መንደር ነው፤ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በመስመር የቆሙ ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው ወደ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነበር የሚደነግጠው። ከእርዳታ ልብስ ለእኔ የደረሰኝ የበረዶ አገር ካፖርት ነው፤ ገበሩ እንደ ድመት ጠጉር የለሰለሰ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። በአሶሳ ሙቀት እሱን ለብሼ አስተምር ነበር፤ ከሥሩ ሸሚዝ ስላልነበረኝ አላወልቀውም። በእግራችን ኮንጎ ጫማ፤ ፀሐይዋ ስትከር ላስቲኩ ይላላና ተረከዝ ላይ ይጣበቃል። ጠዋትና ማታ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ይመታል፤ ስም ይጠራል። ያለ ይለፍ ወረቀት አሶሳ ድረስ እንኳ መሄድ አይቻልም። አሶሳም ያኔ አንድ መንገድ ነበረች፤ በግራ በቀኝ የቆርቆሮ ሱቆች። ላምባ በጣሳ ይሸጥበት የነበረው ጥግ ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል፤ የበሩን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ኑሮዬ የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ ነውና።

ሁላችንም አገራችን መመለስ እንፈልግ ነበር፤ የዘነበች ግን የተለየ ነው። አምስት ዓመት የሞላውን ልጇን ሲሳይን ለእናቷ ትታ ስንዴ ልትቀበል ከተማ ወርዳ ነበር። ሰልፉ እንዳለ ወደ መኪና ተገፋ። «ስንዴ ልጭን ወጥቼ ራሴ ተጫንኩ» ትል ነበር፤ ሌላ ስታማርር አልሰማኋትም። ስለ ልጁ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንባሩ ላይ የእሳት ጠባሳ አለው፣ የትኋን ያህል። «እንግዲህ መልኩ ቢለወጥ በሷ አውቀዋለሁ» ትላለች። ብቻዋን ልትሄድ ትችል ነበር፤ የሞከሩ ነበሩ። እሷ ግን የነፍስ አባቷን ያህል የምታከብራቸው መሪጌታ ሳይባርኳት እግሯን እንደማታነሣ ነገረችን። መሪጌታ ደግሞ ያለ ምልክት አይባርኩም። ምልክቱን የምንፈልገው እንግዲህ እሑድ እሑድ፣ ከዳሱ ሥር ነበር።

ለጸሎት መሰብሰብ አይፈቀድም፤ ለመሠረተ ትምህርት መሰብሰብ ግን ግዴታ ነው። ስለዚህ ዳዊትን ያነበብነው በመሠረተ ትምህርት ስም ነው። ሰሌዳችን የሣጥን ክዳን ነበር፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰባብሬ፣ ጥቁሩን በውሃ በጥብጬ የቀባሁት እኔ ነኝ። መሪጌታ ከረጅሙ መዝሙር፣ ከመቶ አሥራ ስምንተኛው ጀመሩ። ይህ መዝሙር ስምንት ስምንት ቁጥር ያላቸው ሃያ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ ራስ ላይ የዕብራይስጥ ፊደል ስም ይቆማል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ እስከ ታው ይወርዳል። በመጀመሪያው እሑድ አሌፍን ሰሌዳው ላይ እንደጻፍኩ ኦቦ ገለታ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«መሪጌታ፣ አሌፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የአምላክ ስም ነዋ። ሊቃውንት እንደዚያ ነው የፈቱት።»

«በሬ ነው።»

«ምን?»

«በሬ። በዕብራይስጥ በሬ ማለት ነው። ከመጽሐፍ ቅዱሴ ኋላ ተጽፏል፤ ይኸው። አሌፍ በሬ፣ ቤት ቤት፣ ጋሜል ግመል፣ ዳሌጥ በር…»

«ዳዊቱን በረት አደረግኸው እኮ!»

ዘነበች ሳቀች። መንደር ከገባን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። መሪጌታ ግን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ሲያዜሙት የኖሩት ስም ከብት ሆኖባቸው ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው «በሬ አልከኝ?» አሉ። «መጀመሪያ ያለቁት በሬዎቻችን አይደሉም?»

ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። በድርቁ መጀመሪያ በሬው ወደቀ። ቀጥሎ ቤት ተዘጋ። ቀጥሎ ጋሜል፣ የጫነን፤ መኪናውም አውሮፕላኑም ግመላችን ነው። ዳሌጥ በር፤ በላያችን የተቀረቀረው። ሄ መስኮት ነው ይላል የኦቦ ገለታ ገጽ፤ ከአውሮፕላኑ ክብ መስኮት ደመናን ከላይ ያየን ሰዎች ነበርን። ዋው ካስማ፤ የመቀበያው ድንኳን ካስማ። ዛይ መሣሪያ፤ ሚሊሻው ትከሻ ላይ ያለው። በየሳምንቱ አንድ ፊደል እያነበብን ስንሄድ የራሳችንን መንገድ ነበር የምናነበው። እኔ ለዝርዝር የምጨነቅ ሰው ነኝ፤ እንዲገጥም ብዬ ያጣመምኩት ነገር እንዳይኖር ኦቦ ገለታን መጽሐፉን እያስገለጥኩ አረጋግጥ ነበር። ይገጥማል። ስምንተኛው ሔት ነው። ኦቦ ገለታ ጣታቸውን አሳርፈው «አጥር» ብለው አነበቡ።

ሁላችንም ቀና ብለን ዙሪያውን አየን። መንደሩ አጥር አልነበረውም። ከጎጆዎቹ ኋላ በቆሎው ነው፣ ከበቆሎው ኋላ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው ኋላ ሰማይ። ዓይን የሚያቆም ነገር የለም። መሪጌታ «የሚታይ አጥር ቢሆን ኖሮ ፍየልም ይዘለው ነበር» አሉ።

እዚያ ቆምን። የቆምንበትን ምክንያት በትክክል መናገር አለብኝ፤ ኋላ ብዙ ሰው በየራሱ አውርቶታልና። በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው ያጠናውን ለመምህሩ በቃሉ ይደግማል፤ ይህ መመለስ ይባላል። መሪጌታ ደግሞ ከመምህራቸው የወረሱት ሥርዓት ነበራቸው፤ የመጨረሻው ተማሪ ሳይመልስ ማንም ወደሚቀጥለው አያልፍም። ኦቦ ገለታ እስከ ዛይ ድረስ በግዕዝ እየተንተባተቡ መልሰው ነበር። ሔት ላይ ሲሰናከሉ መሪጌታ «ይህ ጉሮሮ ቅቤ ነው የለመደው» ብለው ቀለዱ። ኦቦ ገለታ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አጠለቁ።

«እንግዲህ እኔ በገባኝ ቋንቋ ነው የምመልሰው።»

«ዳዊት በግዕዝ ነው።»

«ዳዊት ራሱ ግዕዝ አያውቅም ነበር!»

«አንተ ደግሞ ዳዊትን አታውቅም!»

በሚቀጥለው እሑድ መጡ፤ ጨዋቸውን ሸጡ፤ ተቀመጡ፤ በኦሮምኛ መለሱ። መሪጌታ እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ፊደሉ ያለ መሪጌታ አይነበብ፣ ትርጉሙ ያለ ኦቦ ገለታ አይገኝ፤ ሁለቱም አይለቁ። የሚገርመው ሁለቱም ጥፋቱን በራሳቸው አለማየታቸው ነው። አጥር ላይ ስለሆንን ነው የቆምነው አሉ፤ ቃሉ እየተፈጸመብን ነው አሉ። ነገሩ በመንደሩ ተሰማ። ለውሃ የተሰለፉ ሴቶች እንኳ ሲገናኙ «የት ደረስን?» ይባባሉ ጀመር። መልሱ «ሔት» ነው። በሳቅ የተጀመረው ኋላ ሰላምታ ሆነ።

አንድ ቀን የመንደሩ ካድሬ መጣ። መሪጌታ ንባብ ላይ ነበሩና አላቋረጡም፤ ዳዊት የጀመረ ሰው መካከል ላይ አፉን አይዘጋም፣ እባብ እንኳ ቢመጣ እግሩን ያነሣል እንጂ ይሉ ነበር። ካድሬው እስኪጨርሱ ካኪውን እያራገበ ቆመና ወደ ሰሌዳው ጠቆመ።

«ሔት ምንድን ነው?»

«የሐመሩ ሐ ዘመድ ነው፣ ጓድ» አሉ መሪጌታ።

«ታዲያ አንድ ፊደል ላይ ክረምትና በጋ?»

እኔ በካፖርቴ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። «ሁሉም እኩል ሳይገባው እንዳናልፍ ነው፣ ጓድ» አልኩ። «እኩል» የሚለው ደስ አለው፤ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

በዚያ በጋ ማለቂያ ላይ ዘነበች ወደ ኸሊፋ ሙሳ ዞረች። ከፊደሎቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ይዛ ነበር፤ ሜም፣ ውሃ ማለት ነው። «ኸሊፋ፣ ትልቁ ውሃ የት ነው?» አለችው።

«ውሃ ብዙ አለ። ትልቁ ዳቡስ ነው» አለ። «ድልድይ ላይ ወታደር አለ። ከታች ከብት ይሻገራል፣ ሰው ይሻገራል። አሁን ውሃው እስከ ጉልበት ነው። ዝናብ መጣ፣ ኸላስ፣ ማንም የለም።»

«ዝናቡ መቼ ይመጣል?»

ኸሊፋ ሙሳ ሰማዩን ሳይሆን ማንጎውን አየ። «ይሄ ሲወድቅ።»

ማንጎው መውደቅ ጀምሮ ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ወትሯቸው ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። ዘነበች ተነሣች፤ ነጠላዋን በትእምርተ መስቀል አጣፋች፤ ከመሪጌታ ፊት ቆማ ሔትን ትመልስ ጀመር። የክፉዎች ገመድ ተጠመጠመብኝ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተሰበረም። ሔት አለቀ። ልትቀመጥ ነው ብለን ስንጠብቅ ጤት ብላ ቀጠለች። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዳዊት የጀመረ አይቋረጥም። ዮድ አለች። ካፍ አለች። እሷ ማንበብ አትችልም ነበር፤ መሪጌታ በየጠዋቱ ሲደግሙ በሣሩ ግድግዳ በኩል የሰማችው ነው። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ላሜድ አለች። እኔ ስህተት እጠብቅ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፤ አንድም አላገኘሁም። ሜም ብላ ስምንቱን ጨረሰችና ቆመች።

«ቀሪውስ?» አሉ መሪጌታ።

«ቀሪውን ለልጄ ነው የምመልሰው። ይባርኩኝ፣ የኔታ።»

«ገለታ ሳይመልስ…»

«ኦቦ ገለታ ልጅ አልጠፋባቸውም፣ የኔታ። እርስዎም።»

አህያዋ በጆሮዋ ዝንብ አባረረች። ኦቦ ገለታ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ከወንዙ ማዶ፣ መንዲ እህት አለኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ስሜን ንገሪያት። ትመግብሻለች።» ኸሊፋ ሙሳ ተነሥቶ የአህያዋን ጭነት ገመድ ፈታ፤ «ማክሰኞ እኔ ባምባሲ ይሄዳል» አለ። «አህያ ባዶ ነው። ዘነበች አብሮ ይሄዳል።» መሪጌታ እንድትቀርብ ጠሯት። ተንበረከከች፤ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በዝግታ የሆነ ነገር ነገሯት። ቡራኬ ብቻ አልነበረም፤ ከቡራኬው ይረዝማል። እኔ ሰሌዳው አጠገብ ነበርኩ፤ አልሰማሁም።

ማክሰኞ ማታ ቸርኬው ተመታ፤ ስሟ ተጠራ። መሪጌታ ከሰልፉ ውስጥ «ንባብ ላይ ናት» አሉ። ለዚህ መልስ ጥቂት ቀን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አሳደሯቸው። ሰሌዳዬም ተወሰደ። ከዚያ ኦቦ ገለታ መጡና ጨዋቸውን ሳያወርዱ፣ ቆመው፣ ሔትን በግዕዝ አንድም ሳይስቱ መለሱ። የት እንዳጠኑት አልጠየቅኋቸውም። መሪጌታ «መለስክ» አሉ፤ ተጨባበጡ። እኔ ደስ ብሎኝ «እንግዲህ ጤትን እንጀምር?» ስል መሪጌታ አዩኝ።

«ተማሪ ጎድሎ?»

ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። ዘነበች አልነበረችም፤ ሌላው ያለ እሷ አያልፍም። ስለዚህ እስኪሞቱ ድረስ ጤትን አላስተማሩኝም። መሪጌታ የተቀበሩት እዚያው መንደር ነው። ኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ ይለፍ ወረቀት ቀረ፤ ብዙ ሰው ጓዙን አንሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ነገ ነገ ስል ቀረሁ። አጥሩ ፈረሰ ሲባል፣ ድሮም የማይታይ ስለነበር፣ መፍረሱን አላየሁም። ሰሌዳ እጽፋለሁ፤ ምሳዬን እበላለሁ፤ ከከተማው ዳር ቀርከሃውን አልፎ ሰማይ ይታየኛል። እግሬ ግን አንድ ቦታ ይደርስና ይመለሳል።

እንግዲህ ያ ጎልማሳ መናኸሪያው ውስጥ «የት ደረስን?» ሲለኝ ሳላስብ «ሔት» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እንዲህ እንደሚሉ ነግራኛለች» አለ። «ፊደል ጻፊው ታደሰ ጋ ሂድ፤ የት ደረስን በለው፤ ሔት ካለህ እሱ ነው ብላኛለች። ሰሌዳ ጻፊው የት ነው ስል ሰዎች እርስዎን አሳዩኝ። ሲሳይ እባላለሁ።» ዕቃው ከእጁ ላይ ነበር፤ መሬት አስቀመጠውና ነጠላውን በትእምርተ መስቀል አጣፋ። «ቀሪውን መልስላቸው ብላ ነው የላከችኝ። እሷ አልጋ ላይ ናት፤ መንገዱን አትችለውም።» በረዳቶቹ ጩኸትና በባጃጁ ጥሩምባ መካከል ቆሞ ጤት ብሎ ጀመረ። ባምባሲ የሚሄደው ሚኒባስ ሞላ፤ ረዳቱ «አባት፣ ይግቡ እንጂ!» አለኝ። ዳዊት አይቋረጥም። ሚኒባሱ ሄደ። ሰዎች እያዩን አለፉ፤ አንዷ ማንጎ ሻጭ ብቻ ለማኝ መስለናት ሁለት ማንጎ እግራችን ሥር አስቀመጠች። ታው ብሎ ስምንቱን ሲጨርስ እዚያው ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ተቀምጦ እናቱ እንዴት እንደደረሰች ነገረኝ። እርሱ የነገረኝ በፊደል አይደለም፤ እኔ ነኝ በፊደል የሰማሁት። ቤቷ ስትደርስ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ይደረድራል፤ መጀመሪያ ያየችው ማጅራቱን ነው። ሰው መምጣቱን ሳያውቅ ራሱን ዳሰሰችው። ሲዞር የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ አላወቀችውም። ከዚያ ግንባሩ ላይ ጠባሳዋን አየች። ኦቦ ገለታ ከመጽሐፋቸው ኋላ ያነበቡትን የመጨረሻዎቹን አራት አልረሳኋቸውም፤ ቆፍ ማጅራት፣ ሬስ ራስ፣ ሳን ጥርስ፣ ታው ምልክት። ትንቢት ነው ብዬ አልምልም። ሃያ ሁለት ካስማ ላይ የማንም ሕይወት ሊሰቀል ይችላል፤ ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ሲሳይን ታሪኩን ዳግመኛ አስነገርኩት፤ መጀመሪያ ማጅራት ነው ወይስ ፊት፣ በትክክል ንገረኝ ብዬ። «ማጅራት» አለኝ።

በሚቀጥለው መስከረም አብሬው ልሄድ ተቀጣጥረናል። እስከዚያ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የዚያ መንደር ሰው ካለ የጎደለውን ይጨምርልኝ። ኸሊፋ ሙሳ የት ገባ? ከኩርሙክ ወዲያ ወደ ሱዳን ተሻገረ ያለኝ አለ፤ እውነት መሆኑን አላውቅም። የአህያዋ ስም ማን ነበር? ኦቦ ገለታ ግዕዙን ያጠኑት ከማን ዘንድ ነው? ከሁሉ በላይ ግን መሪጌታ ዘነበችን ባረኩበት እሑድ በዳሱ አጠገብ ያለፈ፣ በቀርከሃው በኩል ያደመጠ ሰው ካለ፣ እኔ አምስት ነበርን ብዬ ብጽፍም ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። ዘነበች ለልጇም አልነገረችውም። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ያን ያህል የነገሯት ምን ነበር? የሰማችሁ ንገሩኝ።